የት እንደወረደች አሳየነው

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ረዘም ስለሚል ፍሬ ነገሩን ብቻ ላስቀምጥ።

«ጋሼ፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ባጃጅ በስልክ የሚጠራበት አፕ ሠርተን እዚሁ ከተማ ሥራ ከጀመርን ስምንት ወር ሆነን። አርባ የሚሆኑ ባጃጆች አሉን። ደንበኛ ሲጠራ ሎኬሽኑ ሾፌሮቹ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይወርዳል፤ ቅርብ ያለው ያነሳዋል። ጉዞው ሁሉ እኛ ጋ ይመዘገባል። ባለፈው ወር አንድ ሰው ቢሮ መጣ። ‹ባለቤቴ ናት፤ አሟት ነበር፤ ስልኳም አይሠራም፤ ጨንቆኛል› አለን። ቁጥሯን ሰጠን። ጓደኛዬ አዘነለትና የት እንደወረደች ከፍቶ አሳየው። በማግስቱ እሷ ደወለች። እያለቀሰች ነበር። ለካ ከእሱ ሸሽታ እህቷ ቤት ተጠልላ ኖሯል። አልነካኝም ብላናለች። ግን ያንን ቤት ለቃ ልትሄድ ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ድርጅት ‹ስሙን ከላዩ አንሱና የጉዞውን ዳታ ሽጡልን› እያለን ነው። ስም ከሌለው ችግር አለው? ዳታውንስ ምን እናድርገው? ወይስ ሥራውን እንተወው?»

ወንድሜ፣ ሥራውን አትተው። በዚያ ብርድና ጉም የታመመ ልጅ ታቅፋ ሐኪም ቤት መድረስ ላለባት እናት ባጃጅ ደጇ ድረስ መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው። እንቅልፍ ማጣትህም ደግ ነው። ነገሩ ያልከበደው ሰው አያስተካክለውም።

ጓደኛህን ግን ብቻውን አትውቀሰው። አዝኖ ነው ያደረገው። ጥፋቱ ሰውየው ቢሮ ከመምጣቱ በፊት ተሠርቷል። አንድ ስልክ ቁጥር አስገብቶ የአንዲትን ሴት የስምንት ወር መውጫና መግቢያ ማየት ከተቻለ፣ አንድ ቀን ማየት የሌለበት ሰው ያየዋል። አንዱ ለምኖ፣ አንዱ ከፍሎ፣ አንዱ አስፈራርቶ። ወይም ከእናንተው አንዱ ተጣልቶ ሲወጣ ይዞት ይሄዳል። ሠራተኛን መምከር ጥሩ ነው። የሌለ መዝገብን ግን ማንም ከፍቶ አያሳይም።

እኛ ለዚህ ነገር የቆየ ቃል አለን። አደራ እንለዋለን። ሴትዮዋ ያለችበትን ቦታ የነገረቻችሁ ባጃጁ እንዲመጣላት ነው። መጣላት፣ አደረሳት፣ ሒሳቧን ከፈለች። የሰጠቻችሁ ነገር ሥራው እዚያ ላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያቆያችሁት እሷ አቆዩልኝ ያላለችው ነው። አገራችን አደራ በላ መባል ሌባ ከመባል እንደሚብስ አንተም ታውቃለህ። ስለ ሎኬሽን ስታስብ በዚህ ዓይን እይልኝ፤ ሌላው የቴክኒክ ነገር ከዚህ ይከተላል።

መጀመሪያ ነገ ለሚመጣው ሰው እንዘጋጅ። መምጣቱ አይቀርምና። «እህቴ ጠፋችብኝ» ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ግን ከፊቱ አይታችሁ መለየት አትችሉም። ስለዚህ መልሱ ለሁሉም አንድ ይሁን። «ደንበኛችን ትሁን አትሁን አንናገርም። ስምህንና ስልክህን ተውልን። መዝገባችን ላይ ካለች እየፈለግሃት እንደሆነ እንነግራታለን።» በቃ። ወሬው ወደ እሷ ይሂድ እንጂ የእሷ አድራሻ ወደ እሱ አይምጣ። ደህና ከሆነችና ከፈለገች ራሷ ትደውልለታለች። ከልቡ የሠጋ ሰው ፖሊስ ጋ ሄዶ ያመልክት። ፖሊስ ሲመጣም በቃል ሳይሆን የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ ይምጣ፤ የሰጣችሁትንም መዝግቡ። ይህንን ጽፋችሁ ጠረጴዛው ላይ ለጥፉት። ልቡ ቶሎ የሚራራው ጓደኛህ በየጊዜው ራሱ እንዲወስን አትተዉት፤ ወረቀቱን ያሳይ።

አሁን ወደ ሽያጩ። ስም ከሌለው ችግር አለው ወይ ብለሃል። አለው፣ በጣም አለው።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የ15 ወር የሞባይል መዝገብ አዩ። ስም አልነበረውም። በየሰዓቱ ስልኩ በየትኛው የኔትወርክ ማማ ሥር እንደነበረ ብቻ ነው የሚናገረው። አንድን ሰው ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ነጥሎ ለማውጣት ስንት ጊዜ የት እንደነበረ ማወቅ ይበቃል? አራት ጊዜ። በአራት ነጥብ ብቻ ከመቶ 95ቱ ሰው ተለየ። ልብ በል፣ የማማ መዝገብ ሻካራ ነው፤ አንድ ማማ ሰፊ አካባቢ ይሸፍናል። የናንተ መዝገብ ግን ከጂፒኤስ የመጣ ነው። ሰማዩ ክፍት ከሆነ የስልክ ጂፒኤስ ስህተቱ አምስት ሜትር ያህል ነው። ከበር እስከ በር ማለት ነው።

እኛ ጋ ደግሞ አራት ነጥብም ይበዛል። ማታ የሚወርድበት ቤቱ ነው። ጠዋት የሚወርድበት ሥራው ነው። ጠባሴ ካለ አንድ ግቢ እየተነሣ በየቀኑ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ የሚወርድ ሰው ማን እንደሆነ ሱቁን ጠይቅ፤ የአባቱን ስም ጨምሮ ይነግርሃል። ከዚያ የቀረው ይከተላል። የት እንደሚጸልይ ታያለህ። በሳምንት ሁለቴ የትኛው ክሊኒክ እንደሚሄድ፣ ማታ ከማን ቤት እንደሚያመሽ ታያለህ። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከየቦታው ተፈናቅሎ የመጣ ብዙ ሰው የተጠለለባት ከተማ ናት። አንዳንዱ የት እንዳለ እንዳይታወቅ የሚፈልግበት ምክንያት አለው። ያንን ምክንያት አንተ ማወቅ የለብህም። ማክበር ግን አለብህ።

«እሺ፣ የግለሰቡን ትተን የሁሉንም ደምረን በካርታ ብንሰጥስ?» ትለኝ ይሆናል። የስትራቫን ታሪክ ልንገርህ። ስትራቫ የሚሮጡና ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች ጉዟቸውን የሚመዘግቡበት አፕ ነው። በአውሮፓውያኑ 2017 መጨረሻ የተጠቃሚዎቹን ሩጫ ሁሉ ደምሮ በአንድ የዓለም ካርታ ላይ አወጣ። ስም የለም፣ ሰዓት የለም፤ ብዙ የተሮጠበት መንገድ ደምቆ ይበራል። በትልልቅ ከተሞች ከመድመቁ በቀር ማንንም የሚያሳጣ ነገር አልነበረውም። ጥር 2018 ላይ ግን ሰዎች ጨለማ ወደሆነው የካርታው ክፍል ዞር አሉ። አፍጋኒስታንና ሶርያ ውስጥ ማንም በማይሮጥበት በረሃ መሀል ትንንሽ ብርሃኖች ታዩ። የወታደር ካምፖች ነበሩ። ወታደሮቹ በአጥራቸው ዙሪያ እየሮጡ መንገዱን በብርሃን ሥለውታል።

ይህ ታሪክ የኛን አገር በደንብ ይነካል። ሰው የበዛበት ቦታ ሰውን ይሸፍናል። ሰው ያነሰበት ቦታ አይሸፍንም። የዚህ ሙያ ሰዎች አንድ የተለመደ ዘዴ አላቸው። የሰውን ትክክለኛ ነጥብ ትተው በቂ ሌሎች ሰዎች ያሉበትን አካባቢ ያስቀምጣሉ፤ «ከነዚህ ሃያ ሰዎች አንዱ ነው» እንደማለት። ዘዴው ጥሩ ነው። ግን የአካባቢውን ስፋት አንዴ ወስኖ ለሁሉም ቦታ መጠቀም አይሆንም። መርካቶ ላይ ካርታውን መቶ ሜትር በመቶ ሜትር በሆነ ሳጥን ብትቆርጥ ስንት ሺህ ሰው ይገባበታል። ደብረ ብርሃን መሀል ከተማም ያስኬድ ይሆናል። መንዝ ላይ ግን ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር ብትቆርጥ እንኳ አንድ ኮረብታ፣ አንድ የድንጋይ ቤት፣ አንድ ቤተሰብ ብቻ የሚገኝበት ቦታ ሞልቷል። እዚያ ያለ ነጥብ ስም ማለት ነው። ዛሬ ከከተማ አልወጣንም ትል ይሆናል፤ ነገ ወደ ጫጫ፣ ወደ አንኮበር ስትሰፉ ይህ ይገጥማችኋል። ስለዚህ የሜትር ልክ ሳይሆን የሰው ልክ ያዝ። በአንድ ሳጥን ውስጥ ከሃያ ያነሱ የተለያዩ ደንበኞች ካሉ ያ ሳጥን አይታይ፤ ወይም ከጎረቤቱ ጋር ይቀላቀል። ሃያ ያልኩት የኔ ልክ ነው። ከፍ ብታደርገው ደስ ይለኛል።

ለድርጅቱ የምመክርህ ይህን ነው። ጉዞዎቹን አትሽጥ። መንገድ ወይም ፌርማታ ለማጥናት ከሆነ «በዚህ ሰፈር ከጠዋቱ አንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይህን ያህል ጥሪ ነበር» የሚል ቁጥር ይበቃቸዋል። «አይበቃንም፤ እያንዳንዱን ጉዞ ለየብቻው እንፈልጋለን» ካሉ፣ የሚፈልጉት መንገዱን አይደለም፤ ሰዎቹን ነው። ያኔ ተዋቸው።

ወደ ኮዱ እንግባ፤ የምትጽፈው አንተ ነህና።

ብዙ ሰው «ሳተላይቱ ያየናል» ይላል። አያየንም። የጂፒኤስ ሳተላይት ምልክት ይልካል እንጂ ከስልካችን የሚቀበለው ነገር የለም። የት እንዳለ የሚያሰላው ስልኩ ራሱ ነው። ስለዚህ ሎኬሽኑ መጀመሪያ ያለው በደንበኛው እጅ ነው፤ የሚወጣው ያንተ አፕ ሲልከው ነው። ቦታውን የሚናገረውን ቁጥር ማሳጠር ያለብህም እዚያው ስልኩ ላይ ነው። ሰርቨር ከደረሰ በኋላ አሳጥረዋለሁ ማለት ከወሰዱ በኋላ እመልሳለሁ እንደማለት ነው።

ስልኩ ቦታውን የሚጽፈው በኬክሮስና በኬንትሮስ ዲግሪ ነው። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኛ ባለንበት ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ኬንትሮሱም ከዚያ ብዙ አይለይም። ከአሥርዮሽ ነጥቡ በኋላ አራት አኀዝ ስትይዝ 11 ሜትር ነው፤ ግቢውን ለይተሃል። ሦስት አኀዝ 110 ሜትር ነው። ሁለት አኀዝ አንድ ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው። ቅርብ ያለውን ባጃጅ ለመፈለግ ሦስት አኀዝ ከበቂ በላይ ነው። ሾፌሩ ሲቀበል ትክክለኛው ነጥብ ለእሱ ብቻ ይሂድ። ጉዞው ሲያልቅ ከስልኩ ላይ ይጥፋ። ያ የቴሌግራም ግሩፕ ግን ዛሬውኑ ይቅር። አርባ ሾፌር ስልክ ላይ የከተማው ሰው ቤት ሁሉ ተቀምጧል። ከአርባዎቹ አንዱ ስልኩን ቢሸጥስ? ቢሰረቅስ? እንዲያውም ከዳታቤዛችሁ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ግሩፕ ነው። ሌላ መንገድ እስክትሠሩ ድረስ ቢያንስ ግሩፑን በ1 ቀን ራሱን እንዲያጠፋ አስተካክሉት። የቆየውንም ለሁሉም አጥፉት።

አንድ ስህተት ብዙ ጎበዝ ልጆች ሲሠሩት አይቻለሁና ልንገርህ። ነጥቡን ለመደበቅ በየጊዜው ትንሽ ያንቀጠቅጡታል። ዛሬ ሰማንያ ሜትር ወደ ሰሜን፣ ነገ ሃምሳ ሜትር ወደ ምዕራብ። ደንበኛዋ ግን በየቀኑ እዚያው ቤት ነው የምትገባው። የስልሳ ቀኑን ነጥብ ደምረህ አማካዩን ብታወጣ በሯ ላይ ይመልስሃል። ማንቀጥቀጥ ከፈለግህ ለአንድ ቦታ አንዴ አድርግና ያንኑ ሁልጊዜ ተጠቀም።

«300 ሜትር ርቀት ላይ» ብሎ ማሳየትም አደገኛ ነው። ጎጆ ሲቀለስ አይተሃል? መሀሉ ላይ ችካል ይተከላል፣ ገመድ ይታሰራል፣ ዙሪያውን ይሳላል። ርቀት ማለት ያ ገመድ ነው። ከአንድ ቦታ ሆነህ ርቀቱን ብታውቅ ሰውየው በክቡ ላይ የሆነ ቦታ ነው። ቦታ ቀይረህ ሁለተኛ ክብ ትስላለህ፤ ሁለት ቦታ ይቆራረጣሉ። ሦስተኛው ሲጨመር አንድ ነጥብ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የሾፌሩን ርቀት በሜትር አታሳይ። «አምስት ደቂቃ ይፈጃል» በቂ ነው። ሾፌሩም ሰው ነውና። ሥራ ዘግቶ ቤቱ ሲገባ የእሱም ነጥብ መጥፋት አለበት፤ የባጃጁ ባለቤት ቢጠይቅም እንኳ።

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስን። እኔ ያደግሁት ደብረ ሲና ነው። መንገድ ላይ የሚያውቅህ ሰው ሁሉ «ወዴት ነው?» ይልሃል። ሰላምታ ነው። መልሱም የታወቀ ነው፤ «እዚህ ደርሼ ልመለስ»። ጠያቂው የት እንደሆነ አልተነገረውም፤ ደግሞም አልተቀየመም። መንገድ ስናሳይም እንደዚሁ ነን። «ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ»፣ «ከሥላሴ በር ፊት ለፊት»። ስልኩ ከመምጣቱ በፊት የት እንዳለን በልክ መናገር እናውቅ ነበር። ለምን አፕህ እንደዚያ አይሆንም? ደንበኛዋ ስትጠራ አፑ ቅርብ ያሉትን የታወቁ ቦታዎች ያምጣላት፤ ወፍጮ ቤቱን፣ ፋርማሲውን፣ ትምህርት ቤቱን። እዚያ ትጠብቅ። የቤቷን በር ማስያዝ የፈለገች ታስይዝ፤ የታመመ የያዘ፣ ዕቃ የበዛበት፣ የመሸበት ሰው ይኖራልና። ግን ሳትጠየቅ የምታገኘው የወፍጮ ቤቱ ምርጫ ይሁን። ስልኮቹም ይረዱሃል። ከ2021 ጀምሮ አንድሮይድ 12 ያላቸው ስልኮች አፕ ሎኬሽን ሲጠይቅ ትክክለኛውን ወይስ ግምታዊውን ብለው ያስመርጣሉ። አይፎን ከዚያም ቀደም ብሎ በ2020 ጀምሮታል። ግምታዊውን የመረጠ ሰው አፕህ ላይ እንዳይቸገር አድርገህ ሥራው። አፑ ሲዘጋም ሎኬሽን ልከታተል የሚል ፈቃድ አትጠይቅ። ለባጃጅ ጥሪ አያስፈልግም።

ስንት ጊዜ እናቆየው? ዕቃ የረሳ፣ በሒሳብ የተከራከረ ሰው ብዙውን ጊዜ በዚያው ሳምንት ይደውላል። ሰባት ቀን በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ቀኑና ሒሳቡ ይቅር፣ ነጥቦቹ ይጥፉ። ሲጠፉ ከመጠባበቂያ ቅጂውም፣ ሰርቨሩ ከሚጽፈው ሎግም፣ በአንዳችሁ ላፕቶፕ ላይ ካለው ኤክሴልም ይጥፉ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ያ ኤክሴል ነው። እናንተ መዝገቡን የምታዩበት የአድሚን ገጽም በስልክ ቁጥር መፈለጊያው ይነሣለት፤ ደንበኛው ራሱ ሲደውል በሚነግራችሁ የጉዞ ቁጥር ብቻ ይከፈት። ማን መቼ ምን እንደከፈተም ይመዝገብ።

ሕጉንም እወቀው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ ለተባለለት ዓላማ ብቻ መጠቀም እንዳለባችሁ፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ ማቆየት እንደማይቻል፣ ሰውየውም የያዛችሁበትን የማየትና የማስጠፋት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አውርደህ አንብበው፤ ሦስታችሁም አንብቡት።

የመጨረሻው ሴትዮዋ ናት። ስለ እሷ ምን እናድርግ ብለህ አልጠየቅኸኝም፤ እኔን ግን ከሁሉ በላይ ያሳሰበችኝ እሷ ናት። ይቅርታ ጠይቋት። ጓደኛህን አትላክ፤ አንተ ደውል። «ባለማወቅ ነው» ብለህ አትጀምር። ምን እንደታየ በትክክል ንገራት፤ የትኛው ቀን፣ የትኛው ቦታ፣ አንድ ጉዞ ብቻ ወይስ ከዚያም በላይ። ቀጥሎ የት መሄድ እንደሌለባት የምታውቀው ያንን ስትሰማ ነው። የእህቷ ቤት ብቻ ታይቶ ከሆነ አንድ ነገር ነው። የሥራ ቦታዋም ታይቶ ከሆነ ሌላ ነው። ሰውየው ስክሪኑን በስልኩ አንሥቶ ከሆነም ንገራት። መዝገቧን ማጥፋታችሁን ንገራት፤ ከመደወልህ በፊት ግን በእርግጥ አጥፋው። ለክስ ወይም ለፖሊስ የሚሆን ነገር ከፈለገች፣ ሰውየው መቼ እንደመጣና ምን እንዳለ ሦስታችሁም ፈርማችሁ ጻፉላት።

ካላነሣች ደጋግመህ አትደውል። አጭር መልእክት ላክላት። ስልኳን ሌላ ሰው ሊያነበው ይችላልና የእህቷን ቤት ነገር እንዳትጠቅስ። «ከባጃጅ አገልግሎት ነው፤ በሚመችዎት ሰዓት ይደውሉልን» ይበቃል። ከዚያ ስልክህን አጠገብህ አድርገህ ጠብቃት።